የግራ እጅ ብየዳ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን የደረሰብኝን ነው የምጽፈው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። እንዲያውም የቀነስኩት አለ።

ደግሞ ሌሊት ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ነበር የምላችሁ እንዳይመስላችሁ። ቀን ነው። ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። በምሠራበት ሼድ ቆርቆሮ ቀዳዳ ፀሐይ እየገባ፣ ውጭ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ፣ ጎረቤት ያለው ጎሚስታ ጎማ እየቀጠቀጠ...

እንደዚህ ባለ ሰዓት ነው መጀመሪያ የሰማሁት።

ሥራዬ ብየዳ ነው። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ሠላሳውን ከብረት ጋር ነው የኖርኩት። በር፣ መስኮት፣ የውሃ ታንከር፣ የተገጨ የጭነት መኪና... "እኔ ያልበየድኩት የሚስቴን አፍ ብቻ ነው" እያልኩ እቀልድ ነበር።

አሁን በብየዳ አልቀልድም።

ሙያውን ያስተማረኝ አባቴ ነው። አባቴ ግራኝ ነው። ለሌላ ሰው ይሄ ምንም አይደለም፤ ለበያጅ ግን ብዙ ነገር ነው። ብየዳ ሲቀዘቅዝ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደራርቦ ይቀራል። የእኛ የቀኞቹ ቅርፊት ወደ አንድ ወገን ይተኛል። የአባቴ ወደ ተቃራኒው። መጨረሻ ላይ ሲደርስም ኤሌክትሮዱን፣ የሚቀልጠውን የብየዳ ዘንግ ማለት ነው፣ ዝም ብሎ አያነሳም፤ ትንሽ ወደ ኋላ መለስ ያደርገዋል። አንዲት ትንሽ ጭራ ትቀራለች።

ከመቶ ብየዳ መሃል የእሱን ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ዳስሼ አወጣዋለሁ። የእጅ ጽሑፍ በሉት።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ባለፈው ዓመት ከከተማው ዳር ካለው ወንዝ አሸዋ ሲወጣ፣ ከፈረሰው ድልድይ ሥር አንድ ብረት ለበስ መኪና ተገኘ። የጦርነቱ ጊዜ መኪና ነው። አርባ ሁለት ዓመት ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የኖረ። ሙዚየሙ "ታድሶ ለሕዝብ ይታያል" አለ። የአካሉ ሥራ ለእኔ ተሰጠ። የጎማውና የመሪው ሥራ ደግሞ ለአንድ የድሮ መካኒክ ጓደኛዬ። ሁለት ጣቱን የሞተር ቀበቶ ስለበላበት "ስምንቴ" ነው የምንለው። ራሱም በዚሁ ስም ነው ስልክ የሚያነሳው።

የሙዚየሙ ኃላፊ ፋይል ከብብታቸው የማይለይ ሴት ናቸው። ስምንቴ በመጀመሪያው ቀን "እትዬ ፋይል" ብሎ ሰየማቸው።

"ይሄ መኪና ሦስት ሰው ነው የሚይዘው" አሉን እትዬ ፋይል። "ሹፌር፣ ተኳሽ፣ አዛዥ። ሦስቱም ድልድዩን ጥለው ከድተዋል። ሰነዱ ላይ አለ። ሰሌዳው ላይ የምንጽፈውም ይሄንኑ ነው።"

"የእነማን ስም ነው ያለው?" አልኩ።

ፋይሉን ገልጠው አነበቡልኝ።

ሹፌሩ ጋ ሲደርሱ እንዲደግሙልኝ ጠየቅኋቸው። የአባቱ ስም የአያቴ ስም ነው። ሹፌሩ አጎቴ ነው። የአባቴ ታናሽ ወንድም።

አጎቴ በጦርነቱ እንደቀረ አውቃለሁ። ከዳ መባሉንም አውቃለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ሚስቱ እታለም ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ጡረታ ተከለከለች። የወታደር ልብስ ከምትሰፋበት ቤት አባረሯት። ገበያ ስትወጣ "የከዳተኛው ሚስት" ይሏታል፤ ድምፃቸውንም አይቀንሱም። ሌላ አላገባችም። ልጅም የላት።

የተረፈላት አባቴ ብቻ ነው። ቤቷ ያለው ብረት ሁሉ የአባቴ ሥራ ነው። በሯ፣ መስኮቷ፣ አልጋዋ፣ የዕቃ መደርደሪያዋ። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ሄዶ በሯን ያንኳኳል። የላላውን ያጠብቃል፣ የዛገውን ይቀባል፣ ይመለሳል። ሰው "ወንድም ማለት እንዲህ ነው" ይላል።

እኔም እል ነበር።

ያን ቀን ወደ ቤት የሄድኩት ደስ ብሎኝ ነው። መኪናው ውስጥ የአጎቴን ስም የሚያጠራ ነገር አንድ እንኳ ባገኝ ብዬ። አባቴ እኛ ጋ ነው የሚኖረው። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሻይ በሁለት እጁ ነው የሚጠጣው።

"አባባ፣ የአጎቴን መኪና አገኙት" አልኩት።

የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ክዳኑ ተከፈተ?"

ክዳኑ ተዘግቷል አላልኩትም ነበር...

የመኪናው መግቢያ ከላይ ያለች አንዲት ክዳን ናት። በነጋታው፣ ማክሰኞ፣ ላዩ ላይ ወጥቼ ብረቱ የት ጋ እንደሳሳ ለማወቅ በመዶሻ አንኳኳለሁ። ስምንቴ ከታች ጎማው ጋ ተንበርክኳል።

ሦስቴ መታሁ። ኳ... ኳ... ኳ።

ኳ።

አራተኛው የእኔ አይደለም።

ስምንቴ ከሥር አንገቱን አወጣ።

"አንተ ነህ?"

"አይደለሁም።"

"ብረት ሲሞቅ ይንጣጣል" አለ።

"ጥላ ውስጥ ነን እኮ።"

ትንሽ አሰበ። ከዚያ በሹክሹክታ "መዶሻህን አስቀምጥ" አለኝ።

አስቀመጥኩ። ጭቃውን በብሩሽ መፈግፈግ ያዝኩ። የመኪናው ብረት ሁሉ በዝገት ተበልቶ እንደ ኬክ ይፈረፈራል። ክዳኑ ዙሪያ ስደርስ ግን ከጭቃው ሥር አንድ ብልጭ የሚል ነገር አየሁ። ብየዳ። ክዳኑ ዙሪያውን ከውጭ ተበይዷል።

አንዲት የዝገት ነጥብ የለበትም። ዛሬ የተሠራ ነው የሚመስለው። እጄን ብሰድ ደግሞ... ለብ ይላል።

ቅርፊቱን አየሁት። ወደ ተቃራኒው ነው የተኛው።

መጨረሻውን ፈለግኩ። ትንሽ ጭራ አለችው።

ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩት። ምናለ ተሳስቼ በሆነ... አልተሳሳትኩም። መኪናው ላይ ቁጭ አልኩ።

ለስምንቴ ምንም አልነገርኩትም። "ተበይዷል፣ እንቁረጠው" ብቻ አልኩ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በግራይንደር ስቆርጥ ዋልኩ። ሦስት የመቁረጫ ዲስክ ጨረስኩ። ዙሪያው ሙሉ በሙሉ ተላቀቀ። ክዳኑ ከባድ ስለሆነ ነገ በሰንሰለት እናነሳዋለን ተባብለን ሼዱን ዘግተን ወጣን።

ረቡዕ ጠዋት ስመጣ ክዳኑ ተበይዷል።

እንደነበረ። ሙሉውን። ያው ቅርፊት፣ ያቺው ጭራ። የትናንት የብረት ብናኝ መኪናው ላይ እንዳለ ነው፤ የጨረስኳቸው ሦስቱ ዲስኮች መሬት ላይ ናቸው። ሼዱ ውስጥ አዲስ የብየዳ ጢስ ይሸታል።

ዘበኛውን ጠራሁት። "ሰው ገብቷል?"

"ማን ይገባል? ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ነው" አለ።

አባቴ ደግሞ ማታውን ከእኔ ጎን ክፍል ሲያስል ነው ያደረው። በዚያ ላይ በዚያ እጁ? ማንኪያ እንኳ አፉ ጋ በሰላም አያደርስም። ያ ብየዳ ግን አንድ ቦታ አልተንቀጠቀጠም።

እንደገና ቆረጥነው። ሐሙስ ጠዋት... እንደገና ተበይዷል።

ስምንቴ መፍቻዎቹን አንድ በአንድ ጠርጎ ሳጥኑ ውስጥ ከተተ።

"ወዴት ነው?" አልኩት።

"የቀሩኝን ስምንት እፈልጋቸዋለሁ" አለና ወጣ። ዞሮም አላየኝ።

ሆድ ይፍጀው የሚባለው ለትንሽ ነገር ነው። ይሄን ሆዴ አልቻለውም። ቤት ሄጄ አባቴን "ልበስ" አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ቀድሞ ለብሶ ነበር።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሼዱ ውስጥ ቆምን። እኔና እሱ ብቻ። መሰላሉን ደግፌለት ወጣ። ክዳኑ አጠገብ ተንበርክኮ ጣቱን ብየዳው ላይ አሳረፈ። ጣቱ እየተንቀጠቀጠ ዙሪያውን ሄደ። ጭራዋ ጋ ሲደርስ ቆመ።

"አባባ... ይሄ የማን እጅ ነው?"

"ታውቀዋለህ።"

"ስትበይድ ውስጡ ሰው ነበር?"

"ሦስቱም ነበሩ።"

"አጎቴም?"

ጣቱን ከጭራዋ ላይ አላነሳም።

"አባባ።"

"ስመጣ መጀመሪያ ያየኝ እሱ ነው" አለ። ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማሁት። "'ወንድሜ መጣ' ብሎ ለጓደኞቹ ነገራቸው። ደስ አለው። ለጥገና የመጣሁ መስሎት።"

አባቴ በጦርነቱ ጊዜ የጦሩ ጋራዥ በያጅ ነበር። ያን አውቃለሁ። የማላውቀውን ያን ቀን ነገረኝ። ክዳኑ ከመበየዱ አንድ ቀን በፊት ሌላ ድልድይ የያዙ ወታደሮች መኪናቸውን ጥለው ሸሽተዋል። የጦሩ አለቃ በንዴት መጥቶ አባቴን ጠራው። "እነዚህም እንዳይሸሹ ክዳኑን በይድ" አለው። ሽጉጡን ጆሮው ሥር አድርጎ፣ "ወይ ትበይዳለህ፣ ወይ አብረህ ትገባለህ" አለው።

"አልገባሁም" አለ አባቴ።

እኔስ ብሆን እገባ ነበር? ይሄን ራሴን ዛሬም እጠይቃለሁ።

"ሦስት ነጥብ ብቻ አደርጋለሁ ብዬ ነበር" አለ። "አንድ ርግጫ የሚያላቅቀው። ለጊዜው አለቃውን ላታልለው..."

"ይሄ ሦስት ነጥብ አይደለም።"

"አይደለም።"

"ለምን?"

"ስሜን መጥራት ጀመረ።"

ውጭ ጎሚስታው ጎማ ይቀጠቅጣል። አባቴ እሱ እስኪያበቃ ጠበቀ።

"ብየዳው ሲንጫጫ ድምፁ አይሰማም። ኤሌክትሮዱን ሳነሳ ይሰማል። መልሼ ስተክለው ይጠፋል። ስለዚህ አላነሳሁም። ዞርኩት... ዞርኩትና ተገናኘ። ደግሜ ዞርኩት።" ብየዳውን በመዳፉ ሸፈነው። "በሕይወቴ እንደዚህ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።"

"ጠላት መጣ?"

"አልመጣም። ጦሩ በማግስቱ ድልድዩን ራሱ አፍርሶ ወጣ። እነሱ ላዩ ላይ ነበሩ።"

"ማንም አልከፈተላቸውም?"

"መቁረጫ ይዤ ሄጃለሁ። ስደርስ ድልድዩ ወድቋል።" ቀና ሳይል፣ "ለራሴ እንደዚያ ነው የምለው" አለ።

ከዚያ "ከዱ" ተብሎ ተጻፈ። ሰው ከዳ ይባላል እንጂ ተበየደ ተብሎ አይጻፍም።

ግራይንደሩን አንስቼ ለሦስተኛ ጊዜ ቆረጥኩት። አባቴ ከአጠገቤ አልራቀም። ፍንጣሪው ጫማውና ሱሪው ላይ ይወድቃል፤ አያራግፈውም። እንደጨረስኩ ሌላ ቀን እንዳልጠብቅ ሰንሰለቱን በጉልበቴ ሳብኩት። ክዳኑ ተነሳ።

አጥንት ነበር የጠበቅሁት። ጭቃ፣ ውሃ፣ የበሰበሰ ልብስ...

ምንም የለም።

ውስጡ ደረቅ ነው። አርባ ሁለት ዓመት ወንዝ ውስጥ የኖረ መኪና አቧራ እንኳ የለበትም። ሦስቱ ወንበሮች የቆዳቸው ቀለም አልለቀቀም። ሦስቱም መሃላቸው ጎድጎድ ብሏል፤ አሁን የተነሱበት ይመስላል። እያየሁት የሹፌሩ ወንበር ቆዳ ቀስ ብሎ ተነፋና ቀና አለ።

እትዬ ፋይልን ጠራናቸው። መሰላሉ ላይ ወጥተው በባትሪ አዩ።

"ይኸው!" አሉ። "ባዶ ነው። ሰነዱ ትክክል ነበር።"

"ክዳኑ ከውጭ ተበይዶ ነበር እኮ" አልኩ። "የከዳ ሰው ከውጭ ራሱን ይበይዳል?"

"ከሸሹ በኋላ ተበይዶ ይሆናላ።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሳቸው ሞኝ አይደሉም፤ ወረቀቱ ግን በእጃቸው ነው። "የሚመሰክር ሰው ካለ ቃሉን ይስጥ፣ እጽፈዋለሁ" አሉ።

አባቴ ከወንበሮቹ ላይ ዓይኑን ሳይነቅል "እኔ አለሁ" አለ። "ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት እመጣለሁ።"

በመንገድ ላይ እጁን ያዝኩት። ልጅ ሆኜ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የያዝኩት። ተናድጄበት ነበር፤ አዝኜለትም ነበር፤ የትኛው እንደበለጠ አላውቅም።

ዓርብ ጠዋት የነቃሁት ዓይኔ እያቃጠለኝ ነው። አሸዋ የተደፋበት ይመስላል፤ እንባዬ ይወርዳል። በያጅ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ። ያለ ማስክ ስትበይዱ የሚመጣ ሕመም ነው።

እኔ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ስቆርጥ እንጂ ስበይድ አልዋልኩም።

"ሌሊት ተነስቼ ነበር?" አልኳት ሚስቴን።

"አንተ? እንደ ግንድ ነው የተኛኸው" አለችኝ። ከዚያ ዝቅ ብላ፣ "ምነው እጅህ ጢስ ጢስ ይሸታል?" አለች።

የአባቴ አልጋ ተነጥፏል። እሱ የለም።

ሼዱ ጋ ስደርስ ሁለት ሰዓት ነበር። ዘበኛው በሩን ገና መክፈቱ ነው። "ሰው አልገባም" አለኝ ሳልጠይቀው። ልምድ ሆኖበት።

ክዳኑ ተዘግቷል። ተበይዷል።

ወጥቼ ብነካው ጣቴን አቃጠለኝ። ትኩስ ነው። ጥጉ ላይ ብረቱ ከግለቱ የተነሳ ገና ሰማያዊ ነው።

ቅርፊቱን አየሁ...

የአባቴ አይደለም። ወደ እኛ ወገን ነው የተኛው። ጭራ የለውም። በየስንዝሩ ደግሞ አንዲት ትንሽ እብጠት አለች። ያቺ እብጠት ስበይድ ትንፋሼን የምወስድባት ቦታ ናት። አባቴ "ትንፋሽህን ዋጥ" እያለ ሃያ ዓመት ሊያስተወኝ ሞክሮ ያቃተው።

የእኔ እጅ ነው።

እንዴት እንደቆረጥኩት አላስታውስም። የማስታውሰው ዘበኛው ከሥር "ምነው? ምነው?" ሲለኝ ነው። ክዳኑን በሰንሰለቱ ጎትቼ ሳነሳው አባቴ የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጀርባው ቀጥ ብሏል፤ ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው። ስነካው ቀዝቅዟል። ሐኪሙ በኋላ "ልቡ ነው የቆመው፤ ሰዓታት አልፎታል" አለ።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ሰው ከመምጣቱ በፊት፣ ዘበኛው ስልክ ሊደውል ሲወጣ፣ አባቴን እዚያው እንደተቀመጠ ትቼ ግራይንደሩን እንደገና አነሳሁ። ከክዳኑ ጠርዝ ላይ የቀረውን ብየዳ ሁሉ ፈግፍጌ አጠፋሁት። የእኔንም፣ ከሥሩ የቀረውን የአባቴንም። ብናኙን በመጥረጊያ ሰብስቤ ደፋሁት።

ለፖሊሶቹ "የወንድሙን መኪና ሊያይ ገብቶ ክዳኑ ወደቀበት፤ ተጣብቆብኝ ቆረጥኩት" አልኩ። ዘበኛውም የሰማው የግራይንደር ጩኸት ብቻ ነው። እንደዚያው ጻፉት። የአባቴ ሞት ሁለት መስመር አልሞላም።

ከቀብሩ በኋላ እትዬ ፋይል ደወሉ። ካዘኑልኝ በኋላ፣ "አባትዎ ሊሰጡ የነበረውን ቃል ያውቁታል?" አሉኝ።

የድሮውን አባቴ በየደው ካልኩ የዓርቡንስ ማን በየደው ይባላል። መጀመሪያው ከተነሳ መጨረሻውም ይነሳል።

"አላውቅም" አልኩ።

ያን ቃል ስናገር አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም ነበር። አባቴ ቢያንስ ጆሮው ሥር ሽጉጥ ነበረው። እኔ ስልክ ብቻ ነው የነበረኝ።

እታለም ጋ የሄድኩት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነበር፤ ሳስበው አልነበረም። በሩን ሳንኳኳ በቶሎ አልከፈተችም።

"እንደ አባትህ ነው የምታንኳኳው" አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳት። ሽጉጡን፣ ሦስቱን ነጥብ፣ አጎቴ ሲጣራ አባቴ ኤሌክትሮዱን እንዳላነሳ። እኔ ያጠፋሁትንም ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ የጠረጴዛውን ጨርቅ እጥፋት በመዳፏ ታስተካክላለች።

"አውቃለሁ" አለች።

"ምኑን?"

"ሁሉንም። ድልድዩ በፈረሰ በሰባተኛው ወር አባትህ መጥቶ ነገረኝ። እዚያው አንተ የተቀመጥክበት ተንበርክኮ።"

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁት።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? ከዳተኛ ሲሉት... አንቺንስ ሲሰድቡሽ..."

"ብናገር ያስሩት ነበር። ቢታሰር ያርፋል" አለች። "ቅጣቱን ጨርሶ ይወጣል። እኔ እንዲያርፍ አልፈለግሁም። በየወሩ በሬን አንኳኩቶ ፊቴን እንዲያይ ነው የፈለግሁት።"

"አርባ ሁለት ዓመት?"

"አንድ ወር አልቀረም" አለች። "እኔም አልቀረሁም።"

ቀና ብላ አየችኝ። "ብቻ ሲያስቡት በጣም ያስቃል። እሱን አስሬ የያዝኩ መስሎኝ እኔም አብሬ ተቀምጫለሁ።"

አልሳቀችም።

ከዚያ "ውሰደኝ፤ መኪናውን ልየው" አለች።

መኪናው በዚያን ጊዜ ሙዚየሙ አዳራሽ ገብቷል። ቀለሙን ቀብቼ የጨረስኩት እኔ ነኝ። ኮንትራት ነው፤ ማን ይተውልኛል። ክዳኑን ከፍቼ በብረት ዘንግ ደግፌዋለሁ። መጨረሻ ላይ የሠራሁት ከሹፌሩ ፊት ለፊት ያለችውን የመመልከቻ ቀዳዳ ነበር፤ በዝገት ተደፍና ነበር፣ ከፈትኳት። እጅ ታስገባለች።

ማክሰኞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወሰድኳት። አዳራሹ በፀሐይ ተሞልቷል። ጥቂት ጎብኚዎች ወዲያ ጥግ ያለውን ካርታ ያያሉ። እታለም ሰሌዳው ፊት ቆመች።

"መነጽሬን ትቻለሁ። ምን ይላል?"

ነጩን ሰሌዳ አየሁት። "ሠራተኞቹ ጥለውት የሸሹ ብረት ለበስ መኪና" ይላል።

"የመኪናውን ዓይነት ነው የሚናገረው" አልኳት።

እንደዋሸሁ ታውቃለች። ገመዱን ተሻግራ ወደ መኪናው ተጠጋች፤ ቀዳዳዋ ፊቷ ትክክል ነች። ውስጡን ብዙ አየች። ከዚያ ቀኝ እጇን አስገባች።

"እታለም፣ ተይው። ስለት አለው።"

"ቆይ" አለች በሹክሹክታ።

"ምን ሆንሽ?"

"ቆይ... ይዞኛል።"

ላዩ ላይ ዘልዬ ወጣሁ። በተከፈተው ክዳን ወደ ውስጥ አየሁ። ሦስቱ ወንበሮች ባዶ ናቸው። የእታለም እጅ በቀዳዳዋ ገብቶ አየር ላይ ተዘርግቷል። ጣቶቿ ተጨፍልቀው ነጭ ሆነዋል። የያዛቸው ግን አይታይም።

"ማነው?" አልኳት። "እታለም፣ የትኛው ነው?"

ጭንቅላቷን ብረቱ ላይ ደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ሕመም ያላት አትመስልም።

"ሁለት ናቸው" አለች። "አንዱ ይስበኛል... አንዱ ይገፋኛል።"

ወርጄ ትከሻዋን ይዤ ጎተትኳት። ከግድግዳ ጋር የተሠራች ያህል አልነቃነቅ አለች። ካርታውን የሚያዩት ሰዎች ዞር ብለው አዩን። ከእነሱ በኩል አንዲት አሮጊት መኪና የምትወለውል ነው የምትመስለው...

ክንዷ እስከ ክርኗ ገባ።

እስከ እጇ አንጓ ወጣ።

ገባ...

ወጣ...